ጩኸቱ የማን ነው?

መኪና ሲንኳኳ ሁላችንም የምንጠይቀው «ምኗ ነው?» ብለን ነው። ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ድምፁ የሚወጣው ከየት ነው? ሁለተኛው፣ ድምፁ እንዲወጣ ያደረገው ምንድን ነው? የመጀመሪያውን ጆሮና እጅ ይመልሱታል። ሁለተኛው ግን ታሪክ ይፈልጋል፦ ማን ነካት፣ መቼ ነካት፣ ለምን ብሎ? ለመጀመሪያው መልስ ያገኘን ቀን ሁለተኛውንም የመለስን እየመሰለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ይህ መምታታት መኪና ላይ ሲሆን ገንዘብ ያስከፍላል። ሰው ላይ ሲሆን የሚያስከፍለው ሌላ ነው። ሁለቱንም በአንዲት መኪና ላይ ስላየኋቸው ነው ይህን የምጽፈው።

መኪናዋ ቪትዝ ናት። ቶዮታ ይህችን ትንሽ መኪና እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ሲያወጣት ያሰበላት መንገድ የጃፓን ከተማ መንገድ ነበር፤ ጠባብ ግን ልሙጥ። አዲስ አበባ ስትገባ የሚጠብቃት ሌላ ነው፦ የሰመጠ ኮብልስቶን፣ ክረምት የቦረቦረው አስፋልት፣ ያለ ልክ የተቆለለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ። አራት ሰው ከተሳፈረባት ሆዷ ይነካል። ስለዚህ ባለቤቶቿ ከፍ ያደርጓታል። ሥራው ብዙ ወጪ የለውም፤ ከአሞርዛተሩ ራስ በላይ ወፍራም ስፔሰር ይገባል፣ ረዘም ባለ ብሎን ይታሰራል፣ መኪናዋ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። የእኔዋ ወደ እኔ የመጣችው እንዲህ ሆና ነው። ደላላው የነገረኝም እንደ ምርቃት አድርጎ ነበር፦ «ይቺ እኮ ከፍ ብላለች፣ ጉድጓድ አትፈራም።» እውነቱን ነው፣ አትፈራም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከፊት በግራ በኩል «ቋ» ማለት ጀመረች።

ነገሩን ለመከተል የመኪና እግር እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። የቪትዝ የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን የቀየሰው ሲሆን ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 እንግሊዝ አገር ያስተዋወቃቸው ኮንሰልና ዜፊር የተባሉ መኪኖች ይዘውት ወጥተዋል። ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ሆነው እንደ ምሰሶ ይቆማሉ። ከታች አንድ ክንድ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር ያያይዘዋል፤ ክንዱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦኮላ፣ በጎማው በኩል ደግሞ ቦልጆይንት አለ። የግራና የቀኙን እግር የሚያገናኝ ባራም አለ፤ መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ ጎን እንዳትጋደል የሚይዛት እሱ ነው። ባራው ከእግሩ ጋር የሚያያዘው ሊንክ በምትባል ቀጭን ዘንግ ነው።

ይህ ሁሉ የተሰፋው ለአንድ ቁመት ነው። ቁመቱን ስትለውጠው አንድም ዕቃ ሳይሰበር የሁሉም ማዕዘን ይለወጣል፦ ክንዱ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፣ ቦልጆይንቱ አንገቱን ያጣምማል፣ ሊንኳ ትዘማለች፣ ቦኮላው ተጠምዝዞ ይውላል። ከፍ ያለች መኪና ቆማ ስትታይ ታምራለች፤ እግሯ ግን ቀኑን ሙሉ በጣቱ ቆሞ እንደሚውል ሰው ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ባለቤት የመኪናዋን የፊት ጥግ በእጁ ሁለቴ ተጭኖ ለቀቀና «አሞርዛተር ነው» አለኝ። ተቀየረ። በማግስቱ «ቋ»። ተመልሼ ስሄድ ሰውየው ከሥር ገብቶ ወጣና ረዳቱን ጠራው። ልጁ አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ብሎኖቹን ያሰረው እሱ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ብሎን ማጥበቅ አታውቅም? ሰው ልታስጨርስ ነው?» ልጁ «አጥብቄዋለሁ ጋሼ» አለ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ዝም አለ። ከቀን ሂሳቡ እንደሚቆረጥ እዚያው እኔ ፊት ተነገረው። ብሎኖቹ እንደገና ሲታሰሩ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሩብ ዙር እንኳን አልሄዱም። «ጥብቅ ነበሩ እኮ፣ ልጁን ተወው» አልኩት። «አንተ አታውቃቸውም» አለኝ።

ልጁ ላይ ለምን እንደተፈረደበት ግልጽ ነው፤ መጨረሻ የነካት እሱ ነው። ይህ አፈራረድ ጋራዥ ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም። ቤት ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ቀድማ የምትጠየቀው ትናንት የመጣችው ሠራተኛ ናት። ቢሮ ውስጥ ሂሳብ ሲዛባ ሁሉም ዞር ብሎ የሚያየው አዲሱን ገንዘብ ያዥ ነው። «ከእሱ በኋላ ሆነ፣ እንግዲያው በእሱ ሆነ» ነው ነገሩ። የእኛ ልጅ ግን ይህ ሰበብ እንኳን አልነበረውም። እኔ መኪናዋን ያመጣኋት ስለምታንኳኳ ነው፤ ድምፁ ልጁ ብሎን ከመንካቱ በፊት ነበር! ይህን ለማየት ቀን መቁጠር ይበቃል። ተከሳሽ ሲፈለግ ግን ቀን መቁጠርም ይረሳል።

ሁለተኛው ጋራዥ ብልሃቱ ሌላ ነበር። እዚያ ያለው መካኒክ ድምፁ የሚወጣበትን ቦታ አግኝቶታል ማለት ይቻላል። ሊንኳ ጋ ሄደ፣ ነቀነቃት፣ መገጣጠሚያዋ ላይ ግራሶ ጠቀጠቀ፣ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ አሰራት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅ የሚባል አልነበረም። ሰውየውን አጭበርባሪ አልለውም። ደንበኛው ሁሉ መጥቶ የሚለው «ድምፁን አጥፋልኝ» ነው፤ እሱም የሚሸጠው የተጠየቀውን ነው። ድምፁ ጠፍቷል። የጠፋው ግን ወሬው ነው፤ የወሬው ምክንያት እዚያው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። ፈረንሳዊው ሐኪም ረኔ ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ የታማሚ ደረት ላይ በማድረግ የልብ ምት አዳመጠ፤ የዛሬው የሐኪም ማዳመጫ መነሻ ያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረን እስከዚህ ድረስ ነው። ለእኔ የሚበልጠው ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው፤ ታማሚዎቹ በሕይወት ሳሉ ከደረታቸው የሰማውን ድምፅ ሲሞቱ አስከሬናቸው ተከፍቶ ከሚታየው ጉዳት ጋር እያስተያየ መዘገበ። ድምፅ ብቻውን ምንም አይናገርም ማለት ነው። የሚናገረው ተከፍቶ ከታየ ነገር ጋር ሲመሳከር ነው። መካኒክ በዚህ ከላኔክ ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ታማሚው ሳይሞት ከፍቶ አይቶ መልሶ ይገጥማል። ግራሶው ያስቀረው ይህን መክፈት ነው።

ሦስተኛው መካኒክ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። መኪናዋን ከመንካታቸው በፊት ጠየቁኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» «አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ነው ወይስ ሁለቱም እኩል ጉብታ ሲወጡ?» «ፍሬን ስትይዝ አለ?» «ቆመህ መሪ ስታዞርስ?» በመጨረሻ ደግሞ «ከፍ ያደረጋት ማነው?» አሉኝ። ያለፉት ሁለቱ ይህንን አልጠየቁም ነበር።

ጥያቄዎቹ የወግ አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ተጠርጣሪ ነፃ የሚያወጡ ነበሩ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ባራው ሳይጠመዘዝ አብሯቸው ይዞራል፣ ሊንኳ ላይ ያን ያህል ጫና አይመጣም። አንዱ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ግን ባራው ይጠመዘዛል፣ ሊንኳም ትጎተታለች። ስለዚህ በአንድ ጎማ ብቻ የሚመጣ «ቋ» ወደ ሊንክ ያመለክታል። ፍሬን ሲያዝ የሚመጣው ወደ ክንዱ ቦኮላ ያመለክታል። ቆሞ መሪ ሲዞር የሚመጣው ወደ አሞርዛተሩ ራስ። ከጉብታ ሲወርድ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል የሚመጣው ደግሞ አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲመታ ሊሆን ይችላል፤ ስፔሰሩ ከአሞርዛተሩ ራስ በላይ ሳይሆን ሞላው ላይ በገባባቸው መኪኖች ይህ ይበረታል። የእኔ መልስ «አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ይህን ነው። የግራና የቀኙን ሊንክ ፈቱ፤ ሌላ ምንም አልነኩም። «በል ቀስ ብለህ እዚያ ጉድጓድ ግባ» አሉኝ። ገባሁ። ጸጥ። መልሰው አሰሩ። ገባሁ። «ቋ»። ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ «የልዩነት ዘዴ» ብሎ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፦ ሁለት ሁኔታዎች በሁሉም ነገር ተመሳስለው በአንድ ነገር ብቻ ከተለያዩ፣ ውጤታቸውም ከተለያየ፣ ያ አንድ ነገር የውጤቱ መንስኤ ወይም የመንስኤው አንድ ክፍል ነው። ጋሼ ይህን የሚሉት «አንድ ባንድ» ብለው ነው። እኔን የገረመኝ መፍታታቸው አይደለም፣ መልሰው ማሰራቸው ነው። አንዴ ዝም ማለቷ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ የከሰስከው ተመልሶ ሲመጣ ጩኸቱም አብሮት መመለስ አለበት። ልጁ ላይ የተፈረደ ጊዜ ይህን የሞከረ አልነበረም።

«እንግዲህ ሊንክ እንግዛ?» አልኳቸው። «የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ቆይ» አሉ። ክሪክ አስገብተው ጎማውን አንጠለጠሉ፤ ረጅም ብረት በክንዱና በጎማው መካከል አስገብተው ወደ ላይ ፈነቀሉ። ቦልጆይንቱ ላላ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ጥቂት ናት፣ ግን በዓይን ትታያለች። የአቧራ መከላከያ ጎማውም ተቀዷል። «ይኸውልህ፣ ይሄኛው ምንም አላለም» አሉኝ።

ይህ ዓረፍተ ነገር እስካሁን አብሮኝ አለ። ሊንክ ብትሰበር መኪናዋ በመታጠፊያ ላይ ትጋደላለች፣ ትንኳኳለች። ቦልጆይንት ከቦታው ከወጣ ግን ጎማው ወደ ውጭ ይተኛል፤ ያኔ መሪ የለም። የሚጮኸው አደጋው ትንሽ፣ አደገኛው ደግሞ ዝምተኛ ሆኖ ነው የተገኘው። አፈታተሻቸውም የተለያየ ነው፤ ሊንኳ መላላቷ የተገኘው መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ ክብደት ተሸክማ ሳለ ሲሆን፣ የቦልጆይንቱ የታወቀው ክብደቱ ሲነሳለት ነው። አንዳንዱ ጉዳት ሸክም ሲኖር ይታያል፣ አንዳንዱ ሸክም ሲነሳ። ግራሶው ሳይታጠብ ቢቀር ኖሮ ሊንኳ ዝም ትላለች፣ እኛም ክሪክ የምናስገባበት ምክንያት አይኖረንም ነበር።

ጋሼ ከዚያ በብረቱ ጫፍ ወደ ላይ፣ ወደ ስፔሰሩ አመለከቱ። «ሊንኳም ቦልጆይንቱም አላጠፉም። ያለ ቦታቸው ነው የቆሙት» አሉ።

ልክ ናቸው ወይ? ጥያቄው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሚል ራሱ በዚያው መጽሐፍ የአንድ ነገር መንስኤ በእውነተኛ ትርጉሙ ያስከተሉት ሁኔታዎች ሁሉ ድምር ነው ይላል፤ ከመካከላቸው አንዱን መርጠን «መንስኤ» የምንለው እኛ ነን። ለእኔዋ መኪና «ቋ» ስፔሰሩ ብቻ አልበቃም። ጉድጓዱ አለ፣ የጎማው ዕድሜ አለ፣ የምጭነው ሰው አለ። ከፍ ብለው የማይንኳኩ ቪትዞችም በየመንገዱ አሉ። ታዲያ ስፔሰሩን ለይቶ መክሰስ በምን ሚዛን ነው?

ሃርትና ኦኖሬ የተባሉ ሁለት የሕግ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መንስኤን በሕግ ዓይን በሚመረምር መጽሐፋቸው አንድ መልስ ሰጥተዋል። ብዙ ጊዜ «መንስኤ» ብለን የምንመርጠው ከተለመደው የወጣውን ነው ይላሉ። ቤት ሲቃጠል «አየር ስለነበረ ነው» አንልም፤ አየር ሁልጊዜም አለ። የተወረወረውን ክብሪት ነው የምንከሰው። ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። የተለመደው ምንድን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ከፍ ያለች ቪትዝ የተለመደች ናት። ከተለመደች ደግሞ ስፔሰሩ እንደ አየር ይሆናል፤ ማንም አያየውም። ያኔ ከተለመደው የወጣች ሆና የምትታየው የላላችው ሊንክ ናት፣ ወይም ገና ሥራ የጀመረው ልጅ ነው። የለመድነው ነገር ከተጠርጣሪ ዝርዝር ውስጥ በራሱ ይወጣል። «ከፍ ያደረጋት ማነው?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው የለመዱትን እንደገና እንደ እንግዳ ማየት ነው፤ ከሙያም በላይ ይህ የሚከብድ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል ያለው ወጥመድም እንዳይረሳ። ሊንኳን ነፃ ካወጣን ስፔሰሩን፣ ስፔሰሩን ነፃ ካወጣን መንገዱን፣ ከመንገዱ አልፈን ከተማውን እያልን መውጣት እንችላለን። ካፌ ቁጭ ብለን የምናወራው አብዛኛው ነገር እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ ሁሉም ጥፋተኛ ይሆንና ማንም ብሎን ሳይነካ ሂሳብ ተከፍሎ ይኬዳል። «ነገርን ከሥሩ» ማለት ሥሩን ተከትሎ እስከ ምድር እምብርት መቆፈር አይደለም።

እኔ የያዝኩት ሚዛን ይህ ነው። የተከሰሰውን አንሣና በቦታው አዲስ አድርግ፤ ሌላውን እንዳለ ተወው። አዲሱም ተመሳሳይ ዕጣ የሚገጥመው ከሆነ የከሰስከው ተጎጂውን ነው። አዲስ ሊንክ በዚያው ማዕዘን ብትገባ ከአሮጌዋ ቀድማ ካልሆነ ዘግይታ አታልቅም። አዲስ ረዳት በዚያው ጋራዥ ቢቀጠር በሚቀጥለው «ቋ» የሚጠራው እሱ ነው። ሚዛኑ ወደ ላይ መውጣት የሚቆምበትንም ቦታ ያሳያል፤ እጅህ የሚደርስበትና ብትለውጠው ልዩነት የሚያመጣው የመጨረሻው ነገር ላይ ትቆማለህ። መንገዱ ላይ እጄ አይደርስም። ስፔሰሩ ላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ ከፍታው የሚያስደስተኝ እኔን ነው፤ ጉድጓዱን ሳልፈራ የምገባው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሄጄ የተገኘውን ነገርኩት። ልጁ የለም፤ ትቶ ሄዷል አሉ። ባለቤቱ ትንሽ አሰበና «እሱ እኮ ድሮም ሰነፍ ነበር» አለኝ። ክሱ ሲወድቅ ሌላ ክስ ተተካ። ለነገሩ ሰውየው ያለበትን አጣብቂኝ አያለሁ። ደንበኛ ፊት «አሞርዛተሩ አልነበረም» ቢል ገንዘብ መልስ ሊባል ነው፤ «ከፍ ያለው ነገር ነው» ቢል ግማሹን ገበያውን ሊነቅፍ ነው፤ እሱም ከፍ ያደርጋልና። ልጁን መናገር ምንም አያስከፍልም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ውስጥ ለእኛ ለደንበኞች የሚደርሰን ድርሻም አለ። ጋሼ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲፈቱና ሲያስሩ፣ ሲያዳምጡና ሲፈነቅሉ ዋሉ። ሂሳብ ስጠይቃቸው አጠገባችን ቆሞ የነበረ ሌላ ባለመኪና «ምን ቀየሩለትና?» አለ። ይህ አነጋገር አንድ ሙሉ ሥርዓት ይዟል። ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለማወቅ አንከፍልም። ለማወቅ ካልከፈልን ደግሞ መካኒኩ እንጀራ የሚበላው የሆነ ዕቃ ጥፋተኛ ሲሆንለት ነው፤ የትኛውም ይሁን። ግምቱ የሚፈጥነው ስንፍና ስላለ ብቻ አይደለም፤ ፍርድ የሚሸጥ ስለሆነ፣ ጥርጣሬ ግን የማይሸጥ ስለሆነ ነው። ጋሼ የጠየቁኝ አንድ አሞርዛተር ከገዛሁበት ያነሰ ነበር። ሰውየው እያየ የጠየቁትን ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ሁለቱም ቦልጆይንቶች ተቀየሩ፣ ሊንኮቹም። ስፔሰሩ ወጥቶ በግማሹ በሚቀጥን ተተካ፤ የክንዱ ብሎኖች መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ እያለ ተላልተው እንደገና ታሰሩ፣ ቦኮላው በቆመችበት ቁመት እንዲያርፍ። አላይመንትም ተሠራላት። ይህ ሙሉ ፈውስ አይደለም። ሠፈራችን መግቢያ ላይ ያለው ጉብታ አሁን ሰው ከበዛ ሆዷን ይነካታል፤ ባለቤቴ በነካ ቁጥር ታየኛለች። ደላላው ደግሞ «ወፍራሙን መልሰህ አስገባና ከፍ ያለች ብለህ ሽጣት፣ ዋጋ ታወጣለህ» ይለኛል። ገዢ ሞክሮ ሲነዳት አትንኳኳም። ቦልጆይንቱ የሚላላው እሱ ጋ ከሄደች በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ እሱ ጋራዥ ይሄዳል፣ አንድ ልጅ ይጠራል።

ስለዚህ ዳሽቦርዷ ውስጥ አንድ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ምን እንደተነካ፣ መቼ፣ ለምን፣ ስፔሰሩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ተጽፎበታል። ብሸጣትም አብሮ ይሄዳል፤ ደላላው ዋጋ ይቀንስብሃል ቢለኝም። ልጁ «አጥብቄዋለሁ ጋሼ» ያለው ወረቀቱ ላይ የለም፤ ለመኪናዋ አይጠቅምምና። እዚህ የጻፍኩት ለዚያ ነው። አጥብቆት ነበር።